ከየትኛው ዲስክ ይነሣ? የኮምፒዩተር ማስነሻ ምርጫ ታሪክና ለአሶሳ ያለው ቁም ነገር

መንደርደሪያ

ኮምፒዩተር የኤሌክትሪክ ኀይል ባገኘባት የመጀመሪያዋ ቅጽበት ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ደብዳቤ የሚጻፍበት ይሁን ሒሳብ የሚሠራበት፣ አማርኛ የሚያሳይ ይሁን እንግሊዝኛ ብቻ፣ ይህ ሁሉ ገና አልተወሰነም። የሥራ ማኅደሩ ባዶ ነው። ኀይል ቢቋረጥም የማይጠፋው በአንድ ቺፕ ላይ የተቀረጸ አጭር መመሪያ ብቻ ሲሆን፣ የመመሪያውም ፍሬ ነገር «ሂድና የሚቀጥለውን ትእዛዝ ፈልግ» የሚል ነው። ትእዛዙ የሚገኘው በዲስክ ላይ ነው። ዲስኮቹ ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ ከብዙዎቹ ዲስኮች መካከል አስቀድሞ የሚጠየቀው የትኛው ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

ባለሙያዎች «ቡት ማድረግ» በሚሉት በዚህ የማስነሣት ተግባር ላይ የሚነሣው ጥያቄ ለላይ ላዩ ተመልካች ጥቃቅን የጥገና ጉዳይ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የመጀመሪያውን ዲስክ የመረጠ ሰው መሣሪያው ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ቋንቋ፣ የሚታዘዝለትን ፕሮግራምና የሚያምነውን ጌታ መርጧል። ዕቃ አቅራቢውና ጠጋኙ በአንድ ጎዳና በሚገኙበት ከተማ ይህ ምርጫ ቢሳሳት የግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአሶሳና ከእርሷም አልፎ ባሉት ወረዳዎች ግን ስሕተቱ መሣሪያውን ለወራት ሊያቆመው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማስነሻ ምርጫ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በታሪክ መልክ ማቅረብና፣ ታሪኩ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባለ ሩቅ ክልል ለሚሠራ ባለሙያ ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ማመልከት ነው። የውጭ አገር የቴክኒክ ታሪክ ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገር ውስጥ ዘመናት ደግሞ በኢትዮጵያ አቈጣጠር (ዓ.ም.) ተመልክተዋል።

በቤት ኮምፒዩተሮች ዘመን

ለግለሰብ ቤት ተብለው የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ለጥያቄው የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር። «አፕል ቱ» እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ሲቀርብ ፕሮግራም የሚነበበው ከቴፕ ክር ነበር፤ የዲስክ ማንበቢያው የተከተለው በ1978 ነው። በ1979 የወጣው «አፕል ቱ ፕላስ» ደግሞ በራሱ የሚነሣ የሮም ቺፕ ይዞ መጣ። ይህ ቺፕ በመሣሪያው ጀርባ ያሉትን የካርድ ማስገቢያዎች ከ7ኛው ጀምሮ ወደ 1ኛው ቁልቁል እያየ ይሄዳል፤ የዲስክ መቈጣጠሪያ ካርድ ካገኘ እዚያው ቆሞ ከዚያ ይነሣል። በልማድ የዲስክ ካርዱ የሚሰካው በ6ኛው ማስገቢያ ነበር። ስለዚህ በ7ኛው ላይ ሌላ የዲስክ ካርድ የሰካ ሰው ቅድሚያውን ለዚያኛው ሰጠ ማለት ነው። ምርጫው የሚፈጸመው ካርዱን ከአንድ ቦታ ነቅሎ በሌላ ቦታ በመሰካት ነበርና፣ ክዳኑን የከፈተ ሁሉ ማን እንደሚቀድም በዐይኑ አይቶ ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ኮሞዶር 64» በአንጻሩ ከዲስክ አይነሣም ነበር። የቤዚክ ቋንቋው በሮም ውስጥ ስለ ነበረ ማብሪያው እንደ ተጫነ ተጠቃሚውን ይጠብቃል፤ ከዲስክ መጫን የፈለገ ሰው የድራይቩን ቁጥር፣ ይኸውም በልማድ 8ን፣ በእጁ ይጽፋል። ሁለተኛ ድራይቭ ያለው ሰው አንዱን 9 ብሎ ለመሰየም በድራይቩ ውስጥ ያለውን ቀጭን የመዳብ መስመር በስለት መቍረጥ ነበረበት፤ ኋላ በወጣው ሞዴል ግን ይህ በጀርባ በኩል በሚገኙ ጥቃቅን ስዊቾች ተተካ። በ1985 የተከተለው «ኮሞዶር 128» በተነሣ ቍጥር ወደ ድራይቭ 8 ሄዶ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር የሚመለከት ሲሆን፣ የኩባንያውን ሦስት ፊደላት ካገኘ ራሱን በራሱ ያስነሣል።

ከሁሉ ይልቅ የማስነሻ ምርጫን ጉዳይ አፍጦ ያወጣው «አሚጋ» የተባለው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «አሚጋ 500» በራሱ አካል ውስጥ አንድ የፍሎፒ ድራይቭ ነበረው፤ ተጨማሪ ድራይቮች በውጭ በኩል ይሰካሉ። የመጀመሪያዎቹ የሮም ቺፖች ከውስጠኛው ድራይቭ በቀር ከሌላ ፍሎፒ እንዲነሣ አይፈቅዱም ነበር። ውስጠኛው ድራይቭ ከብዛት ሥራ የተነሣ ካረጀ፣ በውጭ የተሰካው ፍጹም ደኅና ቢሆን እንኳ ኮምፒዩተሩ አይነሣም። ባለንብረቶች ለዚህ ያበጁት መላ እጅግ ቀላል ነው። ድራይቮቹን የሚመርጡት ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች ከ8520 ቺፕ ስለሚወጡ፣ በቺፑ እግሮችና በመሰኪያው መካከል ትንሽ ስዊች ያስገባሉ፤ ስዊቹ ሲገለበጥ ሁለቱ መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ውጫዊው ድራይቭ «የመጀመሪያ»፣ ውስጠኛው «ሁለተኛ» ሆኖ ይቈጠራል። ኮምፒዩተሩ የተታለለ መሆኑን አያውቅም። ዛሬም አሮጌ አሚጋዎችን የሚጠብቁ ሰዎች የተበላሸውን ፍሎፒ የዩ ኤስ ቢ ማኅደርን እንደ ፍሎፒ በሚያስመስል መሣሪያ ሲተኩ ይህንኑ ስዊች ይጠቀማሉ።

አምራቹም ጉዳዩን ችላ አላለውም። በ1988 የወጣው የሮም እትም ሃርድ ዲስክ ራሱ እንዲነሣ የፈቀደ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የቅድሚያ ቁጥር መስጠትንም አስለመደ። የውስጠኛው ፍሎፒ ቁጥር 5፣ የሃርድ ዲስክ ክፍል የተለመደ ቁጥር 0 ስለ ነበር፣ ፍሎፒ ከገባ ፍሎፒው ይቀድማል፤ ካልገባ ሃርድ ዲስኩ ይነሣል። ከ1990 ወዲህ በወጡት እትሞች ደግሞ ተጠቃሚው ሁለቱንም የማውስ ቁልፎች ተጭኖ ቢያበራ የመሣሪያዎች ዝርዝር ይቀርብለትና የሚሻውን ይመርጣል። በዚህ አኳኋን ምርጫው ከብየዳ ብረት ወደ ቁጥር፣ ከቁጥርም ወደ ዝርዝር ተሸጋገረ።

የአይ ቢ ኤም ሥርዐትና የ«ኤ» ቀዳሚነት

ወደ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች በስፋት የገቡት ግን እነዚህ የቤት ኮምፒዩተሮች ሳይሆኑ የአይ ቢ ኤም ዐይነት የግል ኮምፒዩተሮች ናቸው። የመጀመሪያው በነሐሴ ወር 1981 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ከቴፕ ክር ማንበብ የሚችል፣ አንድ ወይም ሁለት የፍሎፒ ድራይቭ ሊኖረው የሚችል መሣሪያ ነበር። በሮም ውስጥ የተቀረጸው ባዮስ የተባለው መመሪያ ከድራይቭ «ኤ» የመጀመሪያዋን ሴክተር፣ ማለትም 512 ባይት፣ ወደ ማኅደር ገልብጦ ሥልጣኑን ለእርሷ ያስረክባል። ዲስክ ከሌለ በሮም ወዳለው ቤዚክ ይዞራል። በ1983 «ኤክስ ቲ» የተባለው ሞዴል 10 ሜጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ፣ ይኸው ሃርድ ዲስክ «ሲ» ተብሎ ከ«ኤ» በኋላ በሁለተኛነት ተሰለፈ።

ፍሎፒ ከሃርድ ዲስክ እንዲቀድም የተደረገበት ምክንያት በቂ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቢበላሽ ወይም በላዩ ያለው ሥርዐት ቢዛባ፣ በ«ኤ» የገባ አንድ ደኅና ዲስክ መሣሪያውን አንሥቶ ለጥገና ያበቃዋል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ የታመመው ዲስክ ሐኪሙን በር ላይ ባስቀረው ነበር።

የትኛው ድራይቭ «ኤ»፣ የትኛው «ቢ» እንደሚሆን የሚወስነውም የኬብሉ አሠራር ነበር። አይ ቢ ኤም ድራይቮቹ ሁሉ አንድ ዐይነት ቁጥር ይዘው እንዲመጡ አድርጎ፣ በኬብሉ ላይ ከ10ኛው እስከ 16ኛው ያሉትን ሽቦዎች ጠምዝዞ ገለበጣቸው። ከጥምዙ ወዲያ ያለው መሰኪያ «ኤ»፣ ከጥምዙ ወዲህ ያለው «ቢ» ይሆናል። በመሆኑም በ«ኤ» ያለው ድራይቭ ቢበላሽ ጠጋኙ ምንም ዕቃ ሳይገዛ መሰኪያዎቹን በማለዋወጥ ብቻ «ቢ»ን «ኤ» ሊያደርገው ይችል ነበር። መለዋወጫ በማይገኝበት ቦታ ይህችን የኬብል ጥምዝ የሚያውቅ ባለሙያ የአንድን መሥሪያ ቤት ሥራ ያድን ነበር።

የግዕዝ ፊደልና የማስነሻው ዲስክ

በኢትዮጵያ የማስነሻ ምርጫ ከጥገና ያለፈ ትርጕም ነበረው፤ ምክንያቱ ፊደል ነው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ችግር ብዙ ፊደልን በጥቂት ቁልፎች ማስተናገድ ነበር። ይሁን እንጂ በጽሕፈት መኪና ላይ ፊደሉ ብረት ነው፤ አንዴ ከተቀረጸ አይረሳም። የኮምፒዩተር ፊደል ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር ይጠፋል።

የመጀመሪያዎቹ የአይ ቢ ኤም ዐይነት መሣሪያዎች በስክሪን ላይ የሚያሳዩአቸው ፊደላት በሮም ቺፕ ውስጥ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም 256 ነበር። የግዕዝ ፊደል 33 መደበኛ ፊደላት በሰባት ሆሄ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዐተ ነጥቦች ይጨመራሉ። የላቲን ፊደል ደግሞ ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ስለሚያስፈልግ ሊወገድ አይችልም። ሁለቱ ባንድነት በ256 ቦታ አይበቁም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው «ኢ ጂ ኤ» የተባለው የስክሪን ካርድ የፊደል ቅርጽን ከሮም ውጭ በፕሮግራም መጫንን ስለ ፈቀደ በሩን ይበልጥ ከፈተው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ፊደሉን በሥዕል መልክ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ተዘጋጅተዋል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ፍሥሐ አትላው «ዳሸን» በሚል ስም የግዕዝ ጽሑፍ ማቀናበሪያ ካዘጋጁት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። በአገር ውስጥም በ1968 ዓ.ም. በተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበረው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል «አጋፋሪ» የተባለውን የፊደል ሥርዐት አቅርቧል።

በዶስ ዘመን ለተሠሩት ለእነዚህን መሰል ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ መሣሪያው በተነሣ ቍጥር ፊደሉ እንደ ገና ወደ ማኅደር መጫን አለበት። ይህንን የሚፈጽመው በማስነሻው ዲስክ ላይ ያለው ራሱን በራሱ የሚያስፈጽም የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ባለ ሁለት ፍሎፒ መሣሪያ የነበረው ጸሐፊ በ«ኤ» የማስነሻውንና የጽሑፍ ማቀናበሪያውን ዲስክ፣ በ«ቢ» ደግሞ የደብዳቤዎቹን ዲስክ ያስገባል። በ«ኤ» የገባው የግዕዝ ዲስክ ከሆነ መሣሪያው አማርኛ ያነባል፤ ተራ የዶስ ዲስክ ከሆነ ያው ደብዳቤ ትርጕም የለሽ የምልክት ድርድር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በውጭ አገር «ከየትኛው ዲስክ ይነሣ?» የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ «በየትኛው ፊደል ይናገር?» የሚል ጥያቄ ጭምር ነበር።

ችግሩን ያባባሰው ደግሞ እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደላቱ የራሱን የኮድ ቁጥር መስጠቱ ነው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው አይነበብም። በዚህም ምክንያት ሰነዱን የያዘው ዲስክ ብቻውን ምሉዕ አልነበረም፤ ያስነሣውም ዲስክ አብሮት መቀመጥ ነበረበት። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዐት 3.0 እትም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 እስኪገባና የኦፐሬቲንግ ሲስተም አምራቾች ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እስኪቀበሉት ድረስ ይኸው ጥገኝነት ቀጥሏል።

አሶሳ፦ የርቀት ስሌት

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከተመለከቱት ዘጠኝ ክልሎች አንዱ ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚወስደው የየብስ መንገድ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል ያልፋል። የሁለቱ ከተሞች ግንኙነት ጥንታዊ ለመሆኑ አዲስ አበባ ራሷ ምስክር ናት፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ከነበሩበት ቦታ ነው። በእርሳቸው ዘመን ወርቅና መልእክት በሰውና በእንስሳ ኀይል የተጓዘበትን አቅጣጫ ተከትሎ፣ ከመቶ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ኮምፒዩተርና ዲስክ በመኪና ተጓዘበት።

ክልሉ በተዋቀረበት ዘመን በገበያ ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች 386ና 486 የሚባሉት ናቸው፤ ሃርድ ዲስክ አላቸው፣ ግን በ«ኤ» የሚገባውን ፍሎፒ ያስቀድማሉ። በአሶሳ ያለ ባለሙያ ሦስት ነገሮችን ማስላት ነበረበት።

የመጀመሪያው ኀይል ነው። አሶሳ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ከመገናኘቷ በፊት እንደ ሌሎች ሩቅ ከተሞች የዲዝል ጄኔሬተር ጥገኛ ነበረች። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ኮምፒዩተር በቀን አንድ ጊዜ የሚነሣ መሣሪያ መሆኑ ይቀራል፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቍጥር እንደ ገና ይነሣል። የማስነሻ ቅደም ተከተል በአዲስ አበባ አንድ ጊዜ ሲፈተን በአሶሳ ብዙ ጊዜ ይፈተናል።

ሁለተኛው የአየር ጠባይ ነው። የክልሉ የክረምት ዝናብ ረጅም፣ በበጋው ደግሞ በተለይ ቆላው ሙቀቱና አቧራው የበረታ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ከማንበቢያው ጋር እየተነካካ የሚነበብ በመሆኑ አቧራም ሆነ ሻጋታ ጠላቱ ነው። በአንድ የማስነሻ ዲስክ ብቻ መተማመን አንድ እግር ባለው ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የሥራ ቋንቋው አማርኛ በመሆኑ ግዕዝ ያስፈልጋል፤ ኋላም ለበርታ፣ ለጉሙዝና ለሺናሻ ቋንቋዎች የላቲን ፊደልን የተከተለ አጻጻፍ ለትምህርት ሲዘጋጅ በአንዱ መሣሪያ ላይ ሁለት የአጻጻፍ ሥርዐቶች መገናኘታቸው አስፈላጊ ሆነ። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ባለው ጊዜ የመሣሪያው አነሣሥ ለማን አገልግሎት እንደ ተዘጋጀ ይወስናል።

በመነሻው ሴክተር የተሸሸገ ጠላት

የ«ኤ» ቀዳሚነት ያመጣው ጕዳት የተገለጠው ቫይረስ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ የተጻፈው «ብሬይን»፣ በ1987 በኒውዚላንድ የታየው «ስቶንድ»፣ በ1991 የተገኘውና በየዓመቱ ማርች 6 ቀን ዲስክን እንዲያጠፋ የተሠራው «ማይክል አንጄሎ» ሁሉም የሚሸሸጉት በመነሻው ሴክተር ውስጥ ነው።

ብዙ ተጠቃሚዎች ያልተረዱት አንድ ነጥብ ነበረ፤ ይኸውም የማስነሻ ሥርዐት የሌለው ተራ የሰነድ ዲስክ እንኳ የመነሻ ሴክተር ያለው መሆኑ ነው። ባዮሱ ዲስኩ የሚያስነሣ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ አይመረምርም፤ ሴክተሩን አንብቦ ሥልጣኑን ያስረክባል። «የሥርዐት ዲስክ አይደለም፤ ለውጠህ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን» የሚለው የታወቀው ማስጠንቀቂያ ራሱ ከዚያ ሴክተር የሚወጣ ቃል ነው። ቫይረሱ በሴክተሩ ካለ፣ ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ ላይ በታየበት ጊዜ ሥራው አልቋል፤ ተጠቃሚው ፍሎፒውን አውጥቶ ከሃርድ ዲስኩ ሲያስነሣ ሃርድ ዲስኩ አስቀድሞ ተበክሏል።

ይህንን ከላይ ከተገለጸው የኀይል መቋረጥ ጋር ማገናዘብ ይገባል። ጸሐፊው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣለትን ሪፖርት በ«ኤ» አስገብቶ ሲያነብ መብራት ይጠፋል። ወጥቶ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ማብሪያው እንደ በራ የቀረው መሣሪያ ማንም ሳያዘው ይነሣል፤ የሚነሣውም በውስጡ ከተረሳው እንግዳ ዲስክ ነው። በሩቅ አገር መረጃ የሚጓጓዘው በእጅ በሚያዝ ዲስክ በመሆኑና ኀይሉ የሚቋረጥ በመሆኑ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ቫይረሱ ከሚመኘው ሁሉ የሚበልጥ ምቹ ሁኔታ ፈጠሩለት።

መልሱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1984 «ኤ ቲ» የተባለው ሞዴል የመሣሪያውን አቀማመጥ በባትሪ በሚጠበቅ ትንሽ ማኅደር መያዝን አስተዋውቆ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባዮስ አምራቾች በዚሁ ማኅደር ላይ «አስቀድሞ ኤ፣ ቀጥሎ ሲ» ወይም «አስቀድሞ ሲ፣ ቀጥሎ ኤ» የሚል ምርጫ ጨመሩ። ጠንቃቃ ባለሙያዎች «ሲ»ን አስቀደሙ፤ በላዩም የይለፍ ቃል አኖሩበት። የሰነድ ዲስክ ቢረሳም አደጋው ቀረ።

ይሁን እንጂ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። ሃርድ ዲስኩ የተበላሸ ዕለት የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ተዛውሮ ወይም ሥራ ለቆ ከተገኘ፣ ደኅና የማስነሻ ዲስክ በእጁ የያዘ ጠጋኝ እንኳ በር ላይ ይቀራል። ሌላም አለ። ምርጫውን የሚጠብቀው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር እንደ ተያያዘ ሲኖር ባትሪዋ እምብዛም አትደክምም፤ ኀይል በማያገኝ ክፍል ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግን ሸክሙን ብቻዋን ትሸከማለች። ባለቀች ጊዜ ሰዓቱ ይዛባል፤ ቅደም ተከተሉም ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ይመለሳል። ብዙ ዋጋ የማታወጣ አንዲት ባትሪ በማለቋ ብቻ ደኅና ኮምፒዩተር «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ መጋዘን ሊገባ እንደሚችል በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ከስዊች ወደ ፊርማ

ከዚያ ወዲህ የማስነሻ ምንጮች በዙ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሲዲ የማስነሣት ደንብ ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከኔትወርክ፣ ቀጥሎም ከዩ ኤስ ቢ ማስነሣት ተለመደ። በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የወረዳኔትና የትምህርት ቤቶች የሳተላይት መርሐ ግብሮች ሩቅ ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ሲያገናኙ፣ መረጃ በእጅ ከሚያዝ ፍሎፒ ወደ አየር ተሸጋገረ። በ2003 ዓ.ም. የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በመቋቋሙም ክልሉ የራሱን ባለሙያ የሚያፈራበት ተቋም አገኘ።

በሌላ በኩል የምርጫው ሥልጣን ከተጠቃሚው እጅ እየራቀ መጣ። ለሕፃናት ታስቦ የተሠራውና ወደ ኢትዮጵያም የገባው «ኤክስ ኦ» ላፕቶፕ ሌባ እንዳይጠቀምበት በሚል፣ ያልተፈረመበትን ሥርዐት ለማስነሣት ልዩ የፈቃድ ቁልፍ እንዲጠየቅ ሆኖ ታቅዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በተራ ኮምፒዩተሮችም ላይ «የተጠበቀ ማስነሻ» የሚባለው ሥርዐት ተስፋፋ፤ በዚህም መሣሪያው የሚጠይቀው «ዲስኩ የትኛው ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በማን የተፈረመ ነው?» ብሎ ነው። ሥርዐቱ በመነሻው ሴክተር ይሸሸግ የነበረውን የቫይረስ ዘር በር ዘግቶበታል። ነገር ግን የፊርማው ቁልፍ ከባሕር ማዶ ነው። የጥገና ዩ ኤስ ቢ ይዞ ወደ አንድ ወረዳ የሚወርድ ባለሙያ ዩ ኤስ ቢው በዚያ መሣሪያ ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ከመነሣቱ በፊት ካላረጋገጠ፣ መንገዱ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

በአሚጋው ዘመን የነበረችው ስዊች ያላት ክብር እዚህ ላይ ይታያል። ስዊቿ በዐይን ትታያለች፤ በጣት ትገለበጣለች፤ ባትሪ አትሻም፤ የማንንም ፊርማ አትጠይቅም። ደካማነቷም ይኸው ነው፤ ለባለቤቱ እንደምትታዘዝ ለእንግዳም ትታዘዛለች። የማስነሻ ምርጫ ታሪክ በሁለት ተገቢ ፍላጎቶች መካከል የሚደረግ ጕተታ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ፍላጎት መሣሪያው በወደቀ ጊዜ ባለቤቱ እንዲያነሣው ሲሆን፣ ሁለተኛው መሣሪያው ለማያውቀው እንዳይነሣ ነው። አምራቾች ሚዛኑን ያስቀመጡት ጠጋኙ ቅርብ፣ ኔትወርኩና ኀይሉ የማይቋረጥ መሆኑን አስበው ነው። በአሶሳ፣ በካማሺ ወይም በመተከል ያለ ባለሙያ ሚዛኑን እንደ ገና ማስተካከል ይገባዋል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከቀረበው ታሪክ በመነሣት በሩቅ ክልሎች ኮምፒዩተር ለሚተክሉና ለሚጠብቁ ባለሙያዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

1. የእያንዳንዱ መሣሪያ የማስነሻ ቅደም ተከተል በወረቀት ተጽፎ ከንብረት መዝገቡ ጋር ይቀመጥ። ባትሪው ቢያልቅ መሣሪያው የረሳውን ወረቀቱ ያስታውሳል።

2. በሥራ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ይቅደም፤ የባዮስ ይለፍ ቃል ሲኖር ግን በታሸገ ፖስታ በመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ዘንድ ይጠበቅ እንጂ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ አይጣል።

3. ቢያንስ ሁለት የማስነሻ መሣሪያዎች በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራዎች ይቀመጡ፤ በየዓመቱም በዚያው ባለው ኮምፒዩተር ላይ ተነሥተው ይፈተኑ። ያልተፈተነ የጥገና ዲስክ እንደሌለ ይቈጠር።

4. ለግዥ በሚወጣ ዝርዝር መግለጫ ላይ ባለቤቱ የማስነሻውን ምርጫ ሊለውጥ የሚችል መሆኑ በግልጽ ይጠየቅ።

5. የማስነሻ ባትሪ ከመለዋወጫ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የማይዘገይ አንድ ጉዳይ አለ። በዶስ ዘመን በግዕዝ የተጻፉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመሬትና የጤና መዝገቦች፣ የትምህርት ቤት ዝርዝሮች በአገሪቱ ቁም ሣጥኖች ውስጥ በፍሎፒ እንደ ተቀመጡ የቀሩበት ቦታ ሊኖር ይችላል። 360 ኪሎ ባይት የሚይዝ አንድ ፍሎፒ፣ አንዱ ፊደል አንድ ባይት፣ አንዱ ገጽም 2,000 ፊደል ቢይዝ፣ ወደ 180 ገጽ የሚጠጋ ጽሑፍ ይሸከማል። የዲስኩ መግነጢስ ከዓመት ወደ ዓመት ይደክማል። ዲስኩ ተነቦ እንኳ ፊደሉ የሚታየው በዘመኑ የነበረው የግዕዝ ፕሮግራም አብሮ ከተገኘ ነው። ይህ ማለት የሰነዱን ዲስክ ጠብቆ የማስነሻውን ዲስክ የጣለ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ይዞ ቁልፉን ጥሏል ማለት ነው። አሮጌ ዲስክ ያገኘ ባለሙያ ስለዚህ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ከሰነዶቹ መካከል «ሥርዐት» ወይም «ግዕዝ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ነው። ያ ከተገኘ የዶስ መሣሪያን በሚያስመስሉ የዛሬ ፕሮግራሞች ላይ አስነሥቶ ሰነዱን ማየትና ወደ ዩኒኮድ ማሸጋገር ይቻላል።

በጉባ ወረዳ በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዲዝል ጄኔሬተር መብራት ኮምፒዩተር ያስነሣ የነበረ ክልል ዛሬ ለአገሪቱ ኀይል የሚመነጭበት ስፍራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ኀይል ብቻውን መሣሪያን አያስነሣም፤ ኀይሉ ሲመጣ መሣሪያው ወዴት ዞሮ የመጀመሪያውን ቃል እንደሚሰማ አስቀድሞ የወሰነ፣ የወሰነውንም ጽፎ ለተተኪው ያስረከበ ባለሙያ ያስፈልገዋል።